ሂሌቪ የእናቴን ጓንት ስትተረትር

አክስቴ ሂሌቪ እናቴን ከቤታችን ጨርሳ ልታጠፋት እንደመጣች የደረስኩበት ራሴ ነኝ፤ ማንም አልነገረኝም። ሰባት ዓመቴ ነበር። በሰባት ዓመት ደግሞ ሰው በዓይኑ ያየውን አይጠራጠርም።

እናቴ ቶራ የሄደችው ድንቹ ተለቅሞ ካለቀ በኋላ፣ ባሕሩ መክበድና መጥቆር በጀመረበት ሰሞን ነው። አባቴ ቫልፍሪድ የጎረቤት ጋሪ ተውሶ ወደ ባቡር ጣቢያ ሊያደርሳት ሲነሳ በሩ ላይ ቆሜ እንድትስመኝ ጠበቅኩ። አልሳመችኝም። መሐረቧን አፏ ላይ እንደያዘች ከጋሪው ላይ ሆና፣ «ሲግብሪት፣ እዚያው ሁኚ። ከዚያው ሆነሽ እዪኝ» አለችኝ። ጋሪው ከድንጋይ አጥሩ ጀርባ እስኪሰወር ድረስ አየኋት።

«የት ነው የሄደችው?» አልኩት አባቴን ሲመለስ።

«ልታርፍ ነው። ንጹሕ አየር ካለበት።»

«የኛ አየር ቆሻሻ ነው?»

ቤታችን ያለው ደሴቲቱ ጫፍ ላይ፣ ከበግና ከነፋስ በቀር ምንም በማይበዛበት ቦታ ነበር። አባቴ ቀኑን ሙሉ የኖራ ድንጋይ ሲፈልጥ የሚውል፣ ወሬ የማይችል ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ።

መልሱን ያገኘሁት ከጎረቤታችን ከእማማ ዶሮቴያ ነው። ወተት ሊያደርሱ መጥተው ከአባቴ ጋር ሲያወሩ እኔ ጠረጴዛው ሥር ነበርኩ። «ቀኑን ሙሉ ደጅ ነው አሉ የሚያስተኟቸው፣ በዚህ ብርድ!» አሉ። «ሰገነት ላይ በሰልፍ አጋድመው። መናገር እንኳ አይፈቀድላቸውም ይባላል።»

በኛ ቤት ደጅ የሚወጣ ያጠፋ ሰው ነው። ዝም በል የሚባልም ያጠፋ ሰው ነው። እናቴ ምን እንዳጠፋች ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ።

ሂሌቪ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ኖራ በምትጭን መርከብ ላይ ወጥ ቤት ሆና ስትሠራ የኖረች፣ የወንድ ቦት ጫማ የምታደርግ፣ ከሩቅ ሽንኩርትና ሬንጅ የምትሸት ሴት ነበረች። እጇ መቅዘፊያ ነው የሚያህለው። ሣጥኗን ወለሉ ላይ ዘጭ አድርጋ አየችኝና፣ «ይቺ ናት? ምነው ክብሪት እንጨት አስመሰላችኋት!» አለች። ከዚያ ወደ ምድጃው ሄዳ የእናቴን ድስት አነሳች።

ከእሷ ጋር ነገሮች መጥፋት ጀመሩ። የወረዳችን ነርስ ሲስተር ኤስትሪድ ዓይን የሚያቃጥል መድኃኒት በጠርሙስ ይዛ መጣች፤ ሁለቱ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ግድግዳውን ሁሉ አጠቡት። የእናቴ ፍራሽ ጓሮ ተቃጠለ። ትራሷ ተቃጠለ። ቡናማ ቀሚሷም። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ሲወጣ አባቴ ከበጎቹ ጋር ቆሞ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር።

የቀራት ነገር በሩ አጠገብ ምስማር ላይ የተንጠለጠለው ጓንቷ ብቻ ሆነ። አራቱን ጣት አብሮ የሚያቅፍ፣ አውራ ጣትን ብቻ ለብቻው የሚያወጣ የክረምት ጓንት ነው፤ ከራሳችን በጎች ጥቁርና ነጭ ሱፍ የተሠራ። በጀርባው ባለ ስምንት ቅጠል አበባ አለ፣ ከሥሩ አጭር ግንድ፣ አንጓው ላይ ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ ዙር። በኛ ደብር እያንዳንዱ ቤት የራሱ አበባ ነበረው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰዎች ፊትሽን ከማየታቸው በፊት እጅሽን ነው የሚያዩት። የእናቴ አበባ ከእናቷ የመጣ ነው፤ ከእሷ በቀር የሚሠራው አልነበረም። እኔ ገና አበባ የሌለው ግራጫ ጓንት ነበር የማደርገው። «ትምህርት ቤት ስትገቢ የራስሽን እሠራልሻለሁ» ብላኛለች።

ሲስተር ኤስትሪድ ልትሄድ ስትል ከበሩ ወዲያ የተናገሩትን ሰማሁ።

«ሱፉም መቃጠል አለበት ሂሌቪ።»

«ይሄን ይተዉልኝ ሲስተር። ለጥቂት ጊዜ።»

«ልጅ አለች እኮ ቤት ውስጥ!»

«ልጅ እንዳለችማ አውቃለሁ። ቤት አላስገባውም። የሚፈልጉትን ይዘዙኝ፣ እሱን ግን ይተዉልኝ። ቶራ ከእንግዲህ አታደርገውም።»

 «የገና በዓል እስኪያልፍ» አለች ሲስተር በመጨረሻ። «ከዚያ እሳት ውስጥ።»

ቶራ ከእንግዲህ አታደርገውም። እኔ የያዝኩት ይቺን ነው። በማግሥቱ ምስማሩ ባዶ ነበር።

ጓንቱን ያገኘሁት ከቤቱ ተነጥላ በምትገኘው የልብስ ማጠቢያ ክፍል መስኮት በኩል ነው። ሂሌቪ በዚያ ቅዝቃዜ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ካፖርቷን እንደለበሰች በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። የእናቴ የቀኝ እጅ ጓንት ጭኗ ላይ ነው። ጫፉን ቆርጣዋለች። ጥቁሩንና ነጩን ክር ይዛ ትስባለች፤ ጓንቱም ጠር ጠር ጠር እያለ ይፈታል። ጣት የሚገባበት ሁሉ ቀልጦ አልቋል። ፊት ለፊቷ የመጋገሪያ ትሪ ተዘርግቶ በላዩ ላይ አተርና ቦሎቄ ትደረድራለች፤ ነጭ ክር ሲሆን ቢጫ አተር፣ ጥቁር ሲሆን ቡናማ ቦሎቄ። እየደረደረች ለራሷ ታጉረመርማለች፤ አንዳንዴም አባቴ ፊት የማትናገረውን የመርከበኛ ስድብ ትሳደባለች።

የእናቴን እጅ እያፈረሰችው ነው። አልጋዋን አቃጠለች፣ ድስቷን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ እጇን። 

ቀና ብላ አየችኝ። «ከዚያ ራቂ!» አለች ጓንቱን ካፖርቷ ሥር እየሸጎጠች። «እዚህ ክፍል እግርሽን እንዳላይ። ሰማሽኝ? ሁለተኛ እንዳላይ!»

ከዚያ ወጥታ ገላ በሚልጥ ሳሙና እጇን እስከ ክርኗ ድረስ ፈተገች። ሁልጊዜ እንዲያ ታደርግ ነበር። እኔን ከመንካቷ በፊት፣ ፀጉሬን ከመጎንጎኗ በፊት፣ ምግቤን ከማቅረቧ በፊት ትፈትጋለች። ቆዳዋ ተሰነጣጥቆ እስኪደማ። የምትጠየፈኝ መስሎኝ ነበር። ከኔ ጋር መነካካት ለእሷ ያን ያህል ከባድ የሆነባት መስሎኝ ነበር።

ገበታ ላይ ጦርነት ገጠምን። የአጃ ገንፎ ታስቀምጥልኛለች፣ መሐሉ ላይ ቅቤ ጎድጎድ አድርጋ፤ ቀጥሎ አንድ ማንኪያ የዓሣ ዘይት፣ ያ የሚያስመልሰው። ዓይን ዓይኗን እያየሁ እውጠዋለሁ። ፊቴን እንዳላጨማድድ ጥርሴን እነክሳለሁ።

«እንዲህ አፍጥጠሽ አትዪኝ፣ ገንፎው ይረጋብሻል።»

«ድንጋይም ብታቀርቢልኝ እበላዋለሁ» አልኳት አንድ ቀን።

«ተባረኪ! ነገ አባትሽ ከሥራ ሲመለስ ያመጣልሻል።»

አባቴ ሊስቅ ብሎ ተወው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳህኔን ማንም ሳይጠይቀኝ ጨርሼ፣ ገልብጬ፣ ፊቷ አስቀምጥ ነበር። አድጌ እናቴን እስክመልሳት ድረስ ጉልበት ያስፈልገኛል ብዬ ቆርጬ ነበር።

ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ሂሌቪ ጆሮዋ ከከበደ በኋላ፣ «ለምን ያኔ እውነቱን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅኳት። ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን አላቆመችም። «ሲስተር ኤስትሪድ ደረትሽን አዳምጣ፣ ይቺ ልጅ ሥጋ ካላወጣች የእናቷ የሳንባ ነቀርሳ እሷንም ይይዛታል አለችኝ። ብነግርሽ ታለቅሻለሽ። የሚያለቅስ ልጅ ደግሞ አይበላም። በኔ ስትናደጂ ግን ሳህኑን ትልሺው ነበር። ምን ላድርግ? ትናደድ አልኩ።» ብላ ልጣጩን ባልዲ ውስጥ ጣለችው።

ያን ግን በሰባት ዓመቴ ማን ያውቃል? እኔ የማውቀው የቀኝ እጁ ጓንት አልቆ የግራው መጀመሩን ነው። አንድ ጠዋት በመስኮቱ አጮልቄ፣ የግራው አበባ እስከ ግማሽ ፈርሶ ሳይ ውሳኔዬን ወሰንኩ። እናቴ ዘንድ ሄጄ እነግራታለሁ። ደጅ ብትተኛም፣ መናገር ባይፈቀድላትም ትሰማኛለች።

መንገዱን አላውቅም ነበር፤ ሐዲዱን ግን አውቀዋለሁ። እናቴ በባቡር ከሄደች ሐዲዱ እሷ ዘንድ ያደርሳል። አንድ ቁራሽ ዳቦ ኪሴ ከትቼ፣ ግራጫ ጓንቴን አድርጌ በሁለቱ ብረቶች መሐል ተነሳሁ። በረዶው ከላይ ጠጥሮ ከሥር ይሰምጥ ነበር። ጥዱ ከግራና ከቀኝ ቆሟል። ቅንድቤ ላይ በረዶ ጋገረ፣ እግሬ የኔ መሆኑ ቀረ። ቁጭ ማለት አማረኝ፣ ግን ቁጭ ካልኩ ሂሌቪ አሸነፈች ማለት ነው። ስለዚህ አልተቀመጥኩም። በምሳ ሰዓት ግድም ትልቅ ነጭ ሕንፃ በዛፎቹ መሐል አየሁ፤ በጎኑ ረዥም ሰገነት፣ ሰገነቱ ላይ በሰልፍ የተደረደሩ አልጋዎች። እማማ ዶሮቴያ ያሉት እውነት ነበር።

«እማዬ!»

ከአልጋዎቹ አንዱ ላይ፣ ከብርድ ልብስና ከበግ ቆዳ ክምር ውስጥ አንድ ፊት ብቅ አለ። ትንሽ ሆናለች። ጉንጯ ግን ቀይ ነበር፤ ሳየው ደህና ናት ብዬ ደስ አለኝ። ያ ቅላት ትኩሳት መሆኑን ያወቅኩት አድጌ ነው። ወደ እሷ መሮጥ ስጀምር ቀና ብላ ሁለት መዳፏን ዘርግታ አየሩን ገፋችው። ወደኋላ። ደግማ ገፋችው። ራቂ።

ቆምኩ።  ሆኖም የመጣሁበትን ሳልናገር አልመለስም። በረዶው መሐል ቆሜ፣ አፌን በሁለት እጄ ከልዬ ጮኽኩ፦

«እማዬ! ሂሌቪ ጓንትሽን እየተረተረችው ነው! የቀኙን ጨርሳዋለች!»

እናቴ ሳቀች። ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻዋ ነው የሳቀው። ከዚያ ሳሉ መጣባት፣ አንዲት ነርስ ሮጣ ደገፈቻት። እኔ ሳቋን ብቻ ነው ያየሁት። ያንን ሁሉ መንገድ ሄጄ፣ እናቴ ሳቀችብኝ።

እያለቀስኩ እንደቆምኩ ከኋላዬ በረዶ ሲፋቅ ሰማሁ። ሂሌቪ ናት። ከኋላ ቆመው በአንድ እግር እየገፉ የሚነዷትን ባለ ወንበር ሸርተቴ እያበረረች መጣች። ፊቷ ላብ በላብ ሆኗል። ልትመታኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሻርፗን ፈታ አንገቴ ላይ ጠመጠመችው፣ አንስታ ወንበሩ ላይ ጣለችኝ፣ በቆዳ ሸፈነችኝ። «እግር አለሽ?» አለች። «አሉሽ ጣቶችሽ? አንቀሳቅሺያቸው እስቲ። አንቺ የተረገምሽ ግትር! የማን ዘር እንደሆንሽማ አያጠያይቅም።»

ከዚያ ወደ ሰገነቱ ዞረች። ከደረቷ የሹራብ መርፌዎች አወጣች፤ መርፌዎቹ ላይ ገና የተጀመረ ጓንት አለ፣ ከአዲስ ጥቁርና ነጭ ሱፍ። ከፍ አድርጋ ለእናቴ አሳየቻት።

እናቴ እጇን ወደ ጎረቤቷ አልጋ ዘረጋች። እዚያ የተኛችው ሴት ወፍ የምታይበት ባይኖኩላር ነበራት፤ አቀበለቻት። እናቴ ረዥም ጊዜ አየች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። አይደለም። መዳፏን ዘርግታ ወደ ላይ አደረገችው፣ ገለበጠችው፣ ወደ ታች አደረገችው።

«ምን?» ብላ ጮኸች ሂሌቪ። «ተገልብጧል?»

እናቴ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፣ ትከሻዋም እንደገና ሳቀ።

«እናቱን!» አለች ሂሌቪ። «ከጫፍ ወደ ታች ነዋ የሚፈታው! እኔ ደግሞ የፈታሁትን እንደ ቅደም ተከተሉ ከታች ወደ ላይ ደረደርኩት! አበባውን በጭንቅላቱ ተክዬዋለሁ!» ሸርተቴው ጠርዝ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች፣ መርፌዎቹን መዘዘች፣ የራሷንም ሥራ ጠር ጠር ጠር አድርጋ ፈታችው። ክሩን እኔ ላይ ወረወረችው። «ጠቅልዪ።»

ጠቀለልኩ። ስትፈታ እንባዬ ቆመ፤ የራሷንም እንደምትተረትር አላሰብኩም ነበር። ቀጥሎ ሁለቱ በእጅ ማውራት ጀመሩ። እናቴ ባዶ አየር ላይ በጣቶቿ ትሠራለች፤ ክሩ የለም፣ መርፌው የለም፣ ጣቷ ግን ያውቀዋል። ሂሌቪ ከታች፣ በረዶ ላይ፣ በዚያ መቅዘፊያ በሚያህል እጇ ትከተላታለች። ስትሳሳት እናቴ ታጨበጭባለች፣ ድምፅ በሌለው ጭብጨባ። የአውራ ጣቱ መውጫ ጋ ሲደርሱ ደጋግመው ቆሙ። እኔ ቀናሁ። ከኔ ጋር ያልተጫወተችውን ጨዋታ ከሂሌቪ ጋር ስትጫወት ነው ያየሁት።

ነርሷ ይበቃል ብላ እናቴን ስታስተኛት ሂሌቪ ሸርተቴውን አዞረች። ጫካው መሐል ስንደርስ ሳልዞር ጠየቅኳት።

«ለምን ትፈቺዋለሽ?»

«ሳልፈታው አይገባኝማ! ሞተር የሚማር ሰው ምን ያደርጋል? ይፈታል። እኔ ቁልፍ እንኳ መትከል የማልችል ሰው ነኝ።»

«ያቃጥሉት ነበር?»

«ያቃጥሉታል። እናትሽ ናት ይቃጠል ያለችው፤ ያንቺ እጅ እንዳይነካው። ግን አበባው አብሮ እንዲቃጠል አልፈለገችም። እኔም አልፈለግኩም።» ትንሽ ገፋችና፣ «አሁን ዝም በዪ፣ ብርድ አፍሽ ውስጥ ይገባል» አለች።

ሙሉ በሙሉ አላመንኳትም። ትተረትር የነበረው ግን ለማጥፋት እንዳልሆነ ገባኝ።

ከገና በኋላ ሲስተር ኤስትሪድ እያየች የግራው ጓንት ትራፊ ከነክሩ ምድጃ ገባ። ሂሌቪ አተርና ቦሎቄዋን ትሪው ላይ እንደተደረደረ ወደ ወጥ ቤት አመጣችው፤ አባቴ ጠረጴዛው ተይዞበት ለሳምንታት ጭኑ ላይ ሳህን እያስቀመጠ በላ። «ሰው በገዛ ቤቱ አተር ሾርባ የሚያምረው፣ አተሩን እያየ የማይበላው እኔ ብቻ ነኝ» አለ አንዴ። ከእናቴ መሄድ በኋላ የቀለደው የመጀመሪያ ቀልዱ ነው።

ሂሌቪ ሠራች፣ ፈታች፣ ሠራች። ባለቀ ቁጥር ሰገነቱ ሥር ሄዳ ታሳያለች፤ እናቴ አይሆንም ብላ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ሂሌቪ ተመልሳ ትፈታለች። አንድ ጊዜም «ይሄ ይበቃል» አላለችም። እማማ ዶሮቴያ፣ «ለልጅ እጅ ነው እኮ፣ ማን ያየዋል?» ሲሏት፣ «ቶራ ታየዋለቻ!» አለቻቸው።

የካቲት ውስጥ፣ ፀሐይ ወጥታ በረዶው ዓይን በሚወጋበት ቀን፣ እኔንም ይዛኝ ሄደች። ሁለቱንም ጓንት አደረገችልኝ። «እጅሽን ከፍ አድርጊ» አለችኝ። አደረግኩ። እናቴ ቀና ማለት አቅቷት ነበር፤ ነርሷ ትራሷን ከፍ አድርጋ ባይኖኩላሩን ያዘችላት። ጀርባውን አየች። መዳፌን እንድገለብጥ ምልክት ሰጠች፤ ገለበጥኩ። አውራ ጣቴን እንዳጥፍ፤ አጠፍኩ። ቆየች። በጣም ቆየች። 

ከዚያ እናቴ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ሂሌቪ እዚያው በረዶው ላይ ቁጭ ብላ፣ ያ ሁሉ አፍ ያላት ሴት፣ ፊቷን በእጅጌዋ ሸፈነች።

እናቴ በሚያዝያ ሞተች። ጫካው ውስጥ ሰማያዊዎቹ ትንንሽ አበቦች በወጡበት ሰሞን ነበር። የዚያን በሽታ መድኃኒት ደሴታችን የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ቀብሯ ብዙ አላስታውስም፤ የማስታውሰው ሞቃት ቀን መሆኑንና ጓንቴን አላወልቅም ማለቴን ነው። የደብሩ ሴቶች እጄን አዩ። በሰልፍ ሲያልፉ ሁሉም ጎንበስ እያሉ በፊቴ ፈንታ እጄን ሳሙት።

በሰኔ የሂሌቪ መርከብ ኖራ ልትጭን ወደቡ ገባች። ሣጥኗ በሩ አጠገብ ተዘጋጅቶ ነበር። ያን ቀን መርከቧ ጥላት የሄደች ይመስለኝ ነበር፤ ካፒቴኑ ደጋግሞ ሰው ልኮ ሲያስጠራት እሷ፣ «ሌላ ወጥ ቤት ፈልጉ» ብላ እንደመለሰች አባቴ የነገረኝ ካገባሁ በኋላ ነው። እኔ ያየሁት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ባሕሩን ስታይ ነው።

አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

«አሳዪኝ» አልኳት።

«ምኑን?»

«አበባውን።»

«በዚህ ሙቀት ሱፍ? ሰው ቢያይሽ ለየላት ይልሻል።»

«አሳዪኝ።»

«ሲግብሪት፣ እኔ እኮ ከዚያ ሌላ አልችልም። ካልሲ አልችልም፣ ኮፍያ አልችልም። አንዷን አበባ ብቻ ነው የማውቀው።»

«እኔም የምፈልገው እሷኑ ነው።»

ገብታ መርፌዎቹን አመጣች። ከኋላዬ ደረጃው ላይ ተቀምጣ በጉልበቶቿ መሐል አስቀመጠችኝ፤ በትከሻዬ ላይ አልፋ ትልልቅ እጆቿን እጆቼ ላይ አደረገቻቸው። ከወደቡ በኩል የመርከቧ ጥሩንባ ሲነፋ ቀና አላለችም።

«ነጩን ከላይ፣ ጥቁሩን ከሥር» አለችኝ። «እንዲህ። አታጥብቂው። ላላ አድርጊው፣ እጅ ይገባበታል።»